የዘገየ ፍሬ ፤ የሯጩ የማሞ ወልዴ ታሪክ

በወለጋ አገር ገበሬው በቆሎም ይዘራል፥ ቡናም ይተክላል። በቆሎ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ በጥቂት ወር ውስጥ እሸቱ ይበላል። ቡና ግን እንዲህ አይደለም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ደኅና ፍሬ አይሰጥም። በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ አጠገብ ያለውን የቡና ተክል የሚያይ እንግዳ ሰው፥ ነገሩን ካላወቀ፥ «ይህ ዛፍ ፍሬ የለውም፤ ቢቈረጥ ይሻላል» ይል ይሆናል። ገበሬው ግን አይቈርጠውም። ዛፉ ዐይን በማያየው ስፍራ፥ በመሬት ውስጥ፥ ሥሩን እየሰደደ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ዙሪያውን ይኰተኵታል፤ አረሙን ይነቅላል፤ ከፀሐይም ትኵሳት የሚከልለው ጥላ ያበጅለታል። ጊዜው ሲደርስ ፍሬውን ይለቅማል። በቆሎ በየዓመቱ እንደ ገና መዘራት ሲኖርበት፥ ቡናው ግን አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ ዓመት ያፈራል።

የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። በነቀምቴ፥ በነጆ ወይም በመንዲ ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ፊደሉን በሁለት ወር ይለያል፤ ሌላው ዓመት ሙሉ ቈጥሮ «ለ»ንና «ሰ»ን ያምታታል። አንዳንዱም ከብት ሲጠብቅ ስለ ቈየ ጐረምሳ ከሆነ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ከትናንሽ ልጆች ጋራ በአንድ ወንበር ሲቀመጥም ያፍራል። ባልንጀሮቹ ሲሥቁበት «ጊዜዬ አልፏል» ብሎ ደብተሩን ሊጥል ያስባል። እንዲህ ያለው ልጅ ደብተሩን ከመጣሉ በፊት የማሞ ወልዴን ታሪክ ያንብብ።

ማሞ ወልዴ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ከኦሮሞ ወላጆች ተወለደ። የተወለደበትም ስፍራ ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ድሬ ጅሌ ነው። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ከዚያም ወደ ኮርያ ከተላኩት የኢትዮጵያ ወታደሮች ጋራ ሄዶ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ።

ማሞ ከተወለደ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፥ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሌላ ሕፃን ተወለደ። እርሱም አበበ ቢቂላ ነው። አበበም ሲያድግ እንደ ማሞ በክብር ዘበኛ ገባ። እነዚህ ሁለት እኩዮች አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው፥ በአንድ ሠራዊት አድረው፥ ሩጫን በአንድ ሜዳ ተማሩ። ነገር ግን የሁለቱ ፍሬ በአንድ ጊዜ አልበሰለም።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ውድድር ሰዎች ላከች። ኦሊምፒክ ማለት የብዙ አገር ሰዎች በየአራት ዓመቱ ተሰብስበው በሩጫ፥ በዝላይ፥ በዋናና በሌላም ጨዋታ የሚወዳደሩበት ነው። በዚያ ዓመት የተሰበሰቡት በአውስትራሊያ አገር፥ በሜልበርን ከተማ ነበረ። የሮጡበትም ሜዳ በሌላ ጊዜ ክሪኬት የሚባለው ጨዋታ የሚደረግበት ታላቅ ሜዳ ነው። ክሪኬት አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በእንጨት መምቻ የሚመታበት ጨዋታ ነው።

ማሞ በዚያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበረ። የሮጠውም 800 ሜትርና 1500 ሜትር ነው፤ ይህም ፈጣን እግር የሚፈልግ አጭር ሩጫ ነው። ነገር ግን ከማጣሪያው አላለፈም። ከጓደኞቹም አንድ ስንኳ ሜዳልያ ያገኘ አልነበረም። ሁሉም ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከአራት ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ ውድድር በሮማ ሆነ። ማሞ ግን ወደዚያ አልሄደም። እኩያው አበበ ቢቂላ ሄዶ፥ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ማራቶን የሚባለውን ረጅም ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የማራቶን መንገድ ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ማራቶን የዚህን መንገድ ሲሦ ያልፋል። ይህንንም ሳያርፉ መሮጥ ነው።

የአበበ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። የማሞን ስም ግን በውጭ አገር የሚያውቀው ጥቂት ነበረ። የ28 ዓመት እኩያው የዓለም ጀግና ሲሆን፥ ማሞ በኦሊምፒክ ያገኘው ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «የእኔ ዕድል ይህ ነው» ብሎ በተወው ነበር። ማሞ ግን መሮጥን አልተወም።

ደግሞም ማሞ ዝም ብሎ አልጠበቀም፤ የሚሮጠውን ርቀት ለወጠ። በሜልበርን የሮጠውን አጭር ሩጫ ትቶ ወደ 10,000 ሜትርና ወደ ማራቶን ተሻገረ። ይህም ጥበብ ነበረ። የእግር ፍጥነት በወጣትነት ይመጣል፤ በወጣትነትም ቶሎ ይሄዳል። የሩቅ መንገድ ጽናት ግን በብዙ ዓመት ልምምድ የሚከማች ነው። ልብ ደምን አብዝቶ መግፋትን፥ ሳንባ አየርን በደንብ መሳብን፥ እግርም ድካምን መቻልን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይማራሉ። ሯጩም ኀይሉን መቈጠብን፥ መቼ መዝገም መቼም መገሥገሥ እንደሚገባው ማወቅን ቀስ እያለ ይለምዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሎ የሚተረተው ለዚህ ያለ ነገር ነው።

በ1957 ዓ.ም. ውድድሩ በጃፓን አገር፥ በቶክዮ ከተማ ሆነ። ማሞ 32 ዓመቱ ነበረ። በ10,000 ሜትር ሩጫ በ28 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ከ8 ዐሥረኛ አራተኛ ወጣ። ሦስተኛ የወጣው የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ የቀደመው በ6 ሰከንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ሜዳልያ የሚሰጠው ለሦስት ሰዎች ስለ ሆነ፥ አራተኛ የወጣ ሰው እንደ ሌሎቹ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማሞ በዚያው ሰሞን ማራቶንንም ጀመረ፤ መጨረስ ግን አልቻለም። አበበ ግን በማራቶን ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ማሞ በሜልበርን ከማጣሪያ ቀረ፤ በሮማ አልነበረም፤ በቶክዮ በ10,000 ሜትር ለጥቂት ሳተ፥ ማራቶኑንም አቋረጠ። ከሜልበርን እስከ ቶክዮ ስምንት ዓመት አለፈ። ይህን ስምንት ዓመት ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ፍሬ የሌለውን የቡና ዛፍ እንደሚያየው እንግዳ ይሆናል። ሥሩን ግን አያይም።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውድድሩ በሜክሲኮ ከተማ ሆነ። ሜክሲኮ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን የሚባለው የሕይወት አየር በባሕር ዳር ከሚያገኘው ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ስለዚህ በቈላና በባሕር ዳር ያደገ ሯጭ ቶሎ ይታክታል። በደጋ ያደገ ሰው ግን ሰውነቱ ስስ አየርን ለምዷል። ነቀምቴም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የነቀምቴ ልጆች ኮረብታውን ወጥተው ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጡ የሚስቡት አየር ከሜክሲኮው አየር እምብዛም አይለይም።

ጥቅምት 3 ቀን ማሞ በ10,000 ሜትር ተወዳደረ። ከእርሱ ጋራ የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ነበረ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተያይዘው ሮጡ፤ ቴሙ ከአንድ ሰከንድ በሚያንስ ጊዜ ቀደመው። ማሞም ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ አገኘ። ይህም በኦሊምፒክ ያገኘው የመጀመሪያ ሜዳልያው ነው። በቶክዮ ማሞን የቀደመው ሮን ክላርክ ግን ስስ አየሩን አልቻለም፤ ስድስተኛ ሆኖ መስመሩን እንዳለፈ ወደቀ፤ ሐኪሞችም ረዱት።

ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን፥ የማራቶን ሩጫ ሆነ። ሰዎች ሁሉ የሚጠባበቁት አበበ ቢቂላ ሦስተኛ ጊዜ ያሸንፍ እንደ ሆነ ለማየት ነበረ። ነገር ግን አበበ እግሩን ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለ ጸናበት አቋረጠ። ማሞ በኋላ ሲናገር እንደ ተሰማው፥ አበበ ከማቋረጡ በፊት መጨረስ እንደማይችል ነግሮት ለአገሩ እንዲያሸንፍ አደራ አለው።

ማሞ ይህን አደራ ተቀብሎ ሮጠ። አልተቻኰለም፤ ከሌሎቹ ጋራ ቈይቶ በኋላ ቀደማቸው። ወደ ሜዳው ሲገባ ከኋላው የሚታይ ሯጭ አልነበረም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቈይቶ ደረሰ። ኢትዮጵያም በኦሊምፒክ ማራቶን ሦስት ጊዜ ተከታትላ አሸነፈች። በዚያ ቀን ማሞ 36 ዓመቱ ነበረ፤ ከሜልበርንም 12 ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያ ቀን ሌላም ሊታሰብ የሚገባ ሰው ነበረ። የታንዛንያው ጆን ስቲቨን አክዋሪ በመንገድ ወድቆ ጕልበቱን ክፉኛ ተጐዳ። ብዙ ሯጮች አቋርጠው ሳለ እርሱ ግን ጕልበቱን ጠምጥሞ፥ እያነከሰ፥ ማሞ ከደረሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከሁሉ በኋላ ደረሰ። ሜዳልያ አላገኘም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ስሙ በክብር ይነሣል። መጨረሻ መሆንና መሸነፍ አንድ እንዳልሆኑ ይህ ሰው አሳየ።

የማሞ ፍሬ በሜክሲኮ አላበቃም። ጳጕሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ እንደ ገና ማራቶን ሮጠ። አበበ በሮማ ካሸነፈበት ቀን ጀምሮ ቢቈጠር ልክ 12 ዓመት ነበረ። በዚያን ጊዜ አበበ በመኪና አደጋ እግሩ ስለ ተጐዳ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በሙኒክ እንግዳ ሆኖ ነበር። እኩያው ማሞ ግን በ40 ዓመቱ ገና ይሮጥ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳልያ ተቀበለ።

ይህን ቍጥር ልብ ማለት ይገባል። የሮማና የሙኒክ መንገድ አንድ ባይሆንም፥ ማሞ በ40 ዓመቱ የሮጠበት ጊዜ አበበ በ28 ዓመቱ በሮማ ከሮጠበት በ8 ሰከንድ ያንሳል። ማሞ ራሱ በሜክሲኮ አንደኛ ከወጣበት ጊዜም ከ5 ደቂቃ በላይ ያንሳል። በኦሊምፒክ ማራቶን ከአንድ ጊዜ በላይ ሜዳልያ በማግኘትም ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በማራቶን አሸነፈ።

የኋለኛው ዘመኑ ግን ከባድ ነበረ። በደርግ ጊዜ በተፈጸመ የሰው መግደል ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። እርሱ አልገደልሁም ብሎ ተከራከረ። በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ የታሰረበት ዘመን ከፍርዱ ስለ በለጠም ተፈታ። ከተፈታ በኋላ ጥቂት ወር ብቻ ኖሮ፥ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.፥ በ69 ዓመቱ ሞተ። የሰው ሕይወት እንደ ሩጫ መንገድ ዳገትም ቍልቍለትም አለው፤ በአንድ ቀን ድል ብቻ አይመዘንም።

እንዲህ ያለ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ በሌላም አገር ይገኛል። ማሞ በወጣትነቱ ባልቀናው በአውስትራሊያ አገር አዳም ቮጅስ የሚባል የክሪኬት ተጫዋች ነበረ። ኳስ በመምታት ብርቱ ሲሆን፥ ቴስት ለተባለው፥ አምስት ቀን ለሚፈጀው የአገሮች ግጥሚያ ሳይመረጥ ብዙ ዓመት ቈየ። በመጨረሻ በ1907 ዓ.ም. ተመረጠ፤ ይህም በአውሮጳውያን አቈጣጠር 2015 ነው። ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበረ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ሳይወጣ 130 ነጥብ አገኘ፤ በመጀመሪያ የቴስት ግጥሚያው መቶ ነጥብ ካለፉት ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ሆነ። ብዙ ዓመት በአገሩ ውስጥ ሲጫወት የተማረው ሁሉ በዚያን ቀን አገለገለው።

ሩቅ ሳይሄዱ፥ በነቀምቴም ምሳሌ አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተወሰደ፤ በምጽዋም ነጻ ወጣ። በዚያና በስዊድን ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወለጋ ለመድረስ በሱዳን በኩል ተነሣ፤ ነገር ግን መድረስ ሳይችል ተመለሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላም በሌላ መንገድ ሞክሮ እስከ እንጦጦ ብቻ ደረሰ። ተመልሶ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአስቴር ጋኖ ጋራ በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ። ነቀምቴ የደረሰው በ1896 ዓ.ም. ገደማ፥ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ነው። በመጣም ጊዜ መጽሐፉን ይዞ ስለ ነበረ ልጆችን ማስተማር ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት ያህል መዘግየቱ በከንቱ አልጠፋም።

ልጆች ሆይ፥ እነዚህን ሦስት ሰዎች አስተያዩ። አንዱ ሯጭ፥ አንዱ ኳስ መቺ፥ አንዱ መምህር ነው። በአንድ ነገር ግን ይተባበራሉ፤ ሲዘገዩ ሥራ አልፈቱም። የዘገየ ሁሉ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሰነፍም ይዘገያል፤ ሰነፍ ግን የሚዘገየው ተኝቶ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ ሲያልፍ ከነበረበት ቦታ አይነሣም። ትጉህ ሰው የሚዘገየው እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ ሲያልፍ በውስጡ የተከማቸ ኀይል ይገኛል። ጊዜ ብቻውን ማንንም አያበስልም፤ ሥራ ያለበት ጊዜ ነው የሚያበስል።

ስለዚህ ዛሬ ፊደል የጠፋበት ልጅ፥ ነገ ደግሞ ከፊደሉ ፊት ይቀመጥ። በትናንሽ ልጆች መካከል የተቀመጠውም ጐረምሳ አይፈር። ቀድሞ ያወቀውም ልጅ በዘገየው አይሣቅ፤ የሚሣቅበት ልጅ ሥሩን እየሰደደ ያለ የቡና ችግኝ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ።

1. ቡናና በቆሎ በምን ይለያያሉ?
2. ማሞ ወልዴና አበበ ቢቂላ በምን ይመሳሰሉ ነበር?
3. ማሞ በሜልበርንና በቶክዮ ምን ደረሰበት? ከሜልበርን በኋላስ ምን ለወጠ?
4. በሜክሲኮ ከተማ መሮጥ ለብዙ ሯጮች የከበደው ስለ ምንድር ነው?
5. ማሞ በማራቶን አንደኛ ሲወጣ ስንት ዓመቱ ነበረ?
6. ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ መድረስ ባልቻለበት ዘመን ምን ሠራ?
7. ሰነፍ በመዘግየቱና ትጉህ በመዘግየቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?